የሌለው ሰፈር አንደኛ ወጣ

ለተከበራችሁ የዚህ ቻናል አንባቢዎች፣ ለወዳጅ ዘመድ፣ እንዲሁም ጉዳዩ ይመለከተናል ለምትሉ ሁሉ...

ከዛሬ ጀምሮ «አስተማማኝ ቁልፍ ሠራተኛ በአቅራቢያዎ» የሚለውን ሐረግ መጻፍ በይፋ ያቆምኩ መሆኔን በታላቅ ትሕትና አስታውቃለሁ።

አትሳቁ።

እሺ፣ ሳቁ። እኔም እስቅ ነበር።

ይህ ግን የሆነ ነገር ነው። ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ በሕልሜም አላየሁትም። ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። ውሻም አላላዘነም፤ የጎረቤት ውሻ በዚያ ሰዓት ጥላ ስር ተዘርግቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ ግድግዳውን እያሞቀች፣ እህቴ ቤት ኮሪደር ውስጥ።

ኮሪደሩ ጋ እስክንደርስ ግን፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከሥራዬ ልጀምር።

ሰው ስልኩን አውጥቶ «የተዘጋ በር የሚከፍት ሰው ቅርብ» ብሎ ሲፈልግ፣ ከሚመጡለት መልሶች ሁሉ የእኛ ደንበኛ ከላይ እንዲወጣ አድርጌ የድረ ገጽ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ሐረጓን አንድ ጊዜ ርዕሱ ላይ፣ አንድ ጊዜ መግቢያው ላይ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ጨው እየቆነጠርኩ በየቦታው። ካነሰች የፍለጋው ማሽን አያይህም። ከበዛች ይቆጣል።

ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ካባ ለብሼ ተመርቄ፣ ዛሬ አንባቢዬ ማሽን ነው። ቅር አይለኝም... ማሽኑ ቢያንስ እስከ መጨረሻው ያነባል።

አለቃችንን «አንደኛ ገጽ» እንለዋለን። ሌላ ወሬ የለውም። በእሱ ሃይማኖት ፍለጋ ላይ ሁለተኛ ገጽ የወጣ ሰው ሞቷል፤ ሦስተኛ ገጽ የወጣ ደግሞ ከነጭራሹ አልተወለደም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ደንበኛዬ ባዕድ አይደለም። የታላቅ እህቴ ባል ነው። ቁልፍ ሠራተኛ ነው። የቤታቸው የፊት ክፍል ወርክሾፑ ነው፤ የኋላዋ ክፍል ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ መኝታ ናት። ስልክ የምታነሳው ራሷ እህቴ ናት።

እሱን ጎረቤቱ በሙሉ «ሬዲዮ» ይለዋል። ስለማይዘጋ ነው።

የከፈተውን እያንዳንዱን በር ራት ላይ ይተርክልናል። በሩ ከምን እንደተሠራ፣ ባለቤቱ ምን ለብሶ እንደነበር፣ ቁልፉ ውስጥ ምን ተሰብሮ እንደተገኘ፣ በሩ ሲከፈት ቤቱ ምን ምን እንደሸተተው። እህቴ «ባትሪህ አያልቅም እንዴ?» ትለዋለች። «እኔ በፀሐይ ነው የምሠራው» ይላታል። እሷ ደግሞ አጉረምርማ ታዳምጠዋለች። አንድ ቀን ቢያመሽ ምግቡን ሸፍና የምትጠብቀው ለራቱ ብላ አይመስለኝም። ለወሬው ነው።

ይህችን ያዙልኝ። ሬዲዮ ከፍቶት ያላወራው በር አልነበረም።

...

በሙያችን አንድ ልማድ አለ። ለአንድ ቁልፍ ሠራተኛ አንድ ገጽ ጽፈህ አትቀመጥም። ለየሰፈሩ አንድ አንድ ገጽ ትጽፍለታለህ። ጽሑፉ ያው ነው፤ የሰፈሩ ስም ብቻ ይቀየራል። ማሽኑ እንዳይነቃብህ ደግሞ የሰፈሩን ምልክት ጣል ጣል ታደርጋለህ፦ እዚህ ትምህርት ቤት፣ እዚያ ድልድይ። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ ያቺው መዝጊያ ትለጠፋለች።

«ይደውሉልን። ወይም ቤታችን ድረስ ይምጡ፤ እንጠብቅዎታለን።»

ከስሯ የወርክሾፑ አድራሻ። ማለትም... እኔ የምተኛበት ቤት።

ሌባ ደግሞ አለ። ወገብህ እስኪቆረጥ ተቀምጠህ የጻፍከውን፣ ሌላው ድርጅት እንዳለ ገልብጦ የራሱን ስልክ ይለጥፍበታል። ስትጠይቀው «ራሳችን ነን የጻፍነው» ብሎ ዐይኑን በጨው ያጥባል። ስለዚህ ወጥመድ እናስቀምጥለታለን። በእውነተኞቹ ሰፈሮች መሃል፣ የሌለ ሰፈር አንድ ገጽ። ሌባ ሳያነብ ነው የሚገለብጠው። ከዚያ «በል እስቲ፣ ይሄ ሰፈር የት ነው?» ትለዋለህ። አለቀ።

አንድ ቀን ምሳ በልቼ፣ ወንበሬ እንደ ልማዱ ወደ ግራ አዘምሞ፣ እንቅልፍ ዐይኔን እየከደነው...

የሌለ ሰፈር ፈጠርኩ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ብጽፈው ትፈልጉታላችሁ።

ስም ሰጥቼው ብተው ጥሩ ነበር። ግን ሰው ሲደክመው ይቀልዳል። «ቀዩን የውሃ ታንከር አልፈው፣ ወደ ታች በሚወርደው ደረጃ» ብዬ አቅጣጫ አበጀሁለት። «የሰፈሩ በሮች ከውስጥ በኩል እጀታ የላቸውም። የሚከፈቱት ከውጭ ብቻ ነው። በመሆኑም ነዋሪዎቹ ሁልጊዜ አስተማማኝ ቁልፍ ሠራተኛ በአቅራቢያቸው ይፈልጋሉ» ብዬ ጨመርኩበት። ሌባው ምናልባት ካነበበ እሱም ይሳቅ ብዬ ነው።

መዝጊያዋንም እንደ ወትሮው ለጠፍኳት። እጄ ራሱ ነው የሚለጥፋት፣ እኔን አይጠይቀኝም።

ቤታችን ድረስ ይምጡ። እንጠብቅዎታለን።

...

ጥቂት ሰንበት ብሎ አለቃዬ መጥቶ ከጀርባዬ ቆመ።

ገጹ አንደኛ ወጥቷል። ይሄ አይደንቅም፤ በሌለ ሰፈር ማን ይወዳደርሃል?

የሚደንቀው... ሰው እየፈለገው ነበር።

ሰዎች ምን ብለው እንደሚፈልጉ የሚያሳየን መሣሪያ አለ። ከሰፈሩ ስም ጎን ያለችው መስመር ቀጥ ብላ ሽቅብ ወጥታለች። የተፈለጉት ቃላት ደግሞ...

«በር ከውስጥ እንዴት ይከፈታል»

«እጀታ የሌለው በር»

«ከውጭ የሚከፍት ሰው»

ለአለቃዬ ሰፈሩ የሌለ መሆኑን፣ የሌባ ወጥመድ መሆኑን ነገርኩት። ጥርሱን በስክሪብቶ ሲጎረጉር ቆየ።

«ሰው ከፈለገው፣ አለ» አለኝ። «ሁለት ገጽ ጨምርበት።»

አልጨመርኩም። ጥበበኛ ሆኜ አይደለም። ሰንፌ ነው።

ወጥመዱስ? ሠርቷል። ሌባው እንዳለ ገልብጦት ነበር። ላፋጥጠው ስዘጋጅ ግን ያቺን ገጽ ብቻ ለይቶ አነሳት። ከእኔ የሰረቃቸውን ሌሎቹን ገጾች እዚያው ተዋቸው። ወዲያው መልእክት ላከልኝ።

«ወንድሜ፣ ሰርቄሃለሁ። ይቅርታ። ያንን ሰፈር ግን አንሳው።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ደወሉ።»

ሌላ ቃል አልጨመረም። ደጋግሜ ብጽፍለትም አልመለሰልኝም።

በማግስቱ ለሬዲዮ አዲስ የደንበኛ አስተያየት ተጻፈለት። አምስት ኮከብ። ከዚያ ሰፈር።

«ጥሩ ሠራተኛ። በሩን ከፈተልን። ብዙ ያወራ ነበር።»

ሬዲዮ እዚያ ሄዶ አያውቅም። ሰፈሩ የለማ።

ደግሞ ምነው «ያወራ ነበር» አሉ? አሁንም እኮ ያወራል። አስተያየቱን ሳነብ ወርክሾፑ ውስጥ ስለ አንድ የዛገ ጓጉንቸር ቁልፍ ለእህቴ ሲተርክላት በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር።

ገጹን ሰረዝኩት።

«ተሰርዟል» አለኝ ማሽኑ። ቆየት ብዬ ስፈልገው አሁንም አንደኛ ነው። ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት፦ ማሽን የተሰረዘ ገጽ ለመርሳት ጊዜ ይፈልጋል። ይሄ እውነት ነው፣ የሙያዬ እውነት ነው። በዚህች እውነት ተሸፋፍኜ ተኛሁ።

...

ቤት ሆኜ የምሠራበት ቀን ነበር። ረፋድ ላይ የወርክሾፑ ስልክ ጮኸ። እህቴ አንስታ «አቤት» ስትል ሰማኋት። ከዚያ ስልኩን በእጇ ሸፍና ጠራችኝ።

«ና እስቲ። ያንተ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እንዳንተ ጽሑፍ ነው የሚያወሩት።»

ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ሹክሹክታ ነው። የሴት ይሁን የወንድ አይለይም።

«አስተማማኝ ቁልፍ ሠራተኛ... በአቅራቢያዬ።»

«የት ሰፈር ነው?» አለች እህቴ።

ስሙን ተናገረ። እኔ የፈጠርኩትን ስም።

«ማን ልበል?»

«የተዘጋ በር... የሚከፍት... ዛሬ።»

«እሺ፣ ማን ልበል?»

«አሁን ክፍት የሆነ።»

ሰው እንዲህ አያወራም። ሰው እንዲህ የሚለው ፍለጋ ላይ ሲጽፍ ነው። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው፣ እባክህ የለው።

ከድምፁ ጀርባ ሌሎች ሹክሹክታዎች ነበሩ። ብዙ ናቸው። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ... እኔ የጻፍኩትን አንቀጽ እየተቀባበሉ ያነባሉ። ቀዩን የውሃ ታንከር አልፈው። ወደ ታች በሚወርደው ደረጃ። ነጠላ ሰረዝ ያደረግኩበት ቦታ ላይ ሁሉም እኩል ያርፋሉ።

ስልኩን ነጥቄ ዘጋሁት።

ዞር ስል ሬዲዮ ቦርሳውን አንግቷል።

ክንዱን ያዝኩት። ስለ ወጥመዱ፣ ስለ ሌባው፣ ስለ አስተያየቱ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰፈሩ የለም፣ ምሳ በልቼ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ ነው የፈጠርኩት አልኩት። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ፈጣሪው አንተ ከሆንክ መንገዱንም ንገረኛ አለኝ።

«ቀይ ታንከር አለ ብለዋል» አለች እህቴ። «ከዚያ ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ።»

ሬዲዮ ሳቁን ገታ አደረገ።

«አውቀዋለሁ» አለ።

«ጋሼ... እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«ሁልጊዜ የማልፍበትን ታንከር?»

እህቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ እሱን አየችው።

«ይቅርብህ» አለችው ቀስ ብላ። «ይሄ ልጅ ሲቀልድ ፊቱ እንዲህ አይሆንም።»

ሰው በር ተዘግቶበት እየለመነ ቁጭ ብዬ ድርሰት ልስማ ወይ ብሎ ሬዲዮ ገላመጠኝ። ለእሷ ግን ለስለስ አለ። ከበሩ ላይ ዞሮ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«ስመለስ አወራልሻለሁ።»

ወጣ።

ወደ ክፍሌ ሮጬ ያንን የተሰረዘ ገጽ ፈለግኩት። አሁንም አንደኛ ነው። ከታች ግን እኔ ያልጻፍኳት አንዲት መስመር ተጨምራለች።

«ሠራተኛችን በአሁኑ ሰዓት በሰፈሩ ይገኛል።»

የመኪናው ሞተር ገና ግቢያችን ውስጥ ሲያጓራ ይሰማኝ ነበር።

...

ደጋግሜ ደወልኩለት። ብዙ ቆይቶ አነሳ። እህቴ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እንድትሰማው ስልኩን መሃላችን አደረግኩት።

ሬዲዮ እንደ ልማዱ ያወራል። ሁለታችንም ተነፈስን።

ደረጃውን ወርጄ ጨረስኩት አለ። ንጹሕ ሰፈር ነው አለ። ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ባዶ፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ የለም፣ የሚያለቅስ ሕፃን የለም፣ መንገድ ላይ ቆሻሻ እንኳ የለም። በሮቹ ግን አስገረሙት። ሁሉም አንድ ናቸው። እንጨታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ጭረታቸው ሳይቀር አንድ ቦታ ላይ። አንዱን በር ሠርተው ሌላውን የገለበጡት ይመስላል አለ። የሚለያዩት በላያቸው በተጻፈው ስም ብቻ ነው።

እኔ ገጾቹን የምጽፈው እንዲህ ነው።

«ከውስጥ ያንኳኳሉ» አለ ሬዲዮ። «ሁሉም ቤት... ቀስ ብለው ነው የሚያንኳኩት፣ ጨዋዎች ናቸው።»

«ጋሼ፣ ምንም ሳትነካ ተመለስ።»

«የጠራኝ የትኛው እንደሆነ... ቆይ።»

ቆየን።

«ይሄኛው በር የኛ ነው» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች እህቴ።

«የኛ በር ነው። ስሜ አለበት... ወንድምሽ ልጅ ሆኖ በሚስማር የጫረው ጭረት ሳይቀር...»

ከዚያ ዝም አለ።

ስልኩ አልተቋረጠም። ትንፋሹ ይሰማል። ቁልፍ ውስጥ መሣሪያ ሲገባ ይሰማል... ቀጭ አለ። ማጠፊያው ሲንሲጠጥ ይሰማል።

ሬዲዮ ግን ዝም።

እህቴ የባሏን ስም ጠራች። ደግማ ጠራችው። ከስልኩ ውስጥ ብዙ እግር ቀስ ብሎ ሲራመድ ተሰማ... ሰው እንዳይቀሰቅስ እንደሚራመድ። ከዚያ ተቋረጠ።

...

ስምንት ሰዓት አልፎ መኪናው ግቢ ገባች።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ወረደ። ልብሱ ንጹሕ፣ ጫማው ንጹሕ፤ ጠዋት ሲወጣ ግን አቧራ ነበረበት። የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ። ምንም አላወረደም። እንዲሁ ከፍቶት ጥቂት ቆመ፣ ሽማግሌ እስኪወርድ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ዘጋው።

በሩ ተከፈተ ወይ ብላ ጠየቀችው። ራሱን ነቅንቆ አዎ አላት። ውስጡ ምን ነበረ አለችው። እጁን መታጠብ ጀመረ። ታጠበ። አሁንም ታጠበ።

«ባትሪህ አለቀ?» አለችው። ልትቀልድ ነበር።

እጁን አደራረቀና ካቻቢቴውን አነሳ።

ከወጥ ቤቱ ጀመረ። የበሩን የውስጥ እጀታ ብሎን በብሎን ፈታው፣ እንደ ሁልጊዜው ጥንቅቅ አድርጎ፣ ቀለሙን ሳይጭር። ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በሩን ከውጭ ዘጋ። ወደ መኝታ ቤታቸው አለፈ። ያንንም ፈታ። ዘጋ። መታጠቢያ ቤቱን። ዘጋ።

ኮሪደሩ ውስጥ ተከትለነው ሄድን። የእኔ ክፍል ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር፤ በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ እግራችን ስር ተኝታለች።

«የኔ ጌታ» አለች እህቴ። «እጀታ ከሌለ እንዴት ነው ከውስጥ የምንወጣው?»

«እናንተ አትገቡም» አለ።

የክፍሌን እጀታ ነቀለ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፤ የተኛ ሰው ላይ እንደሚዘጋ። እጀታው የነበረበት ቀዳዳ ብቻ ቀረ። ከክፍሌ መስኮት የሚመጣ ብርሃን በቀዳዳው አልፎ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የእህቴ ቀሚስ ላይ አረፈ።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረኝ። አዲስ አስተያየት። አምስት ኮከብ።

«ቤታቸው ድረስ መጣን። ጠብቀውን ነበር።»

በቤቱ ውስጥ የምንኖረው ሦስት ነን። ሦስታችንም ኮሪደሩ ላይ ነበርን።

ከክፍሌ ውስጥ አንድ እጅ በሩን ይዳብስ ጀመር። አይደበድብም። አይገፋም። እጀታው በነበረበት ከፍታ ላይ፣ ቀስ ብሎ... እየፈለገ።

ከዚያ የወጥ ቤቱ በር። ከዚያ የመኝታ ቤቱ።

እህቴ ቀሚስ ላይ የነበረው ክብ ብርሃን ጠፋ።

«ጋሼ» አልኩ። ድምፄ ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ። «እነማን ናቸው?»

ሬዲዮ ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠረገና ቦርሳው ውስጥ መለሰው። እህቴ እጅጌውን ያዘች። አወራልሻለሁ ብለኸኝ ነበር አለችው። በሕይወቷ ሙሉ ያወራላትን ሁሉ ልትመልስለት የተዘጋጀች ትመስል ነበር፣ ይህችን አንዷን ብቻ ቢነግራት።

ዞሮ አያት።

«አልናገርም» አለ። «ጠይቃችሁ አትድከሙ። አልናገርም።»